ቆሎ የለመደ አፍ ብሬስ ሲታሰርለት፦ ጎንደር ያላችሁ ምን ትበላላችሁ?

የመነሻው ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በቅርቡ ጥርሴን ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) አሳሰርኩ። ከክሊኒኩ ስወጣ የማይበሉ ነገሮች ዝርዝር ያለበት ወረቀት ሰጡኝ። ከረሜላ፣ ማስቲካ፣ በረዶ፣ ያልተቆረጠ ፖም፣ የፒዛ ጠርዝ ይላል። ልክ ነው፣ አልተቃወምኩም። ግን ጎንደር ውስጥ በረዶ የሚቆረጥም ሰው አይቼ አላውቅም። ፒዛም ቢሆን ለልደት ካልሆነ ማን ያየዋል? ወረቀቱ ላይ ቆሎ የለም። ዳቦ ቆሎ የለም። ቋንጣ የለም። የአክስቴ ጉርሻም የለም።

እኛ ሰፈር ቡና በቀን ሦስቴ ይፈላል። ጎረቤት ይጠራራል፣ የቆሎው ሳህን ይዞራል። አልበላም ካልሽ ታመምሽ ወይ ትባያለሽ። ጥርሴን ታስሬ ነው ካልሽ ደግሞ ሁሉም አፍሽን ክፈቺና እንይ ይላል። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ብሬስ ያሰራችሁ፣ አስራችሁ የፈታችሁ፣ ሙያውም ያላችሁ፣ በእኛ ማዕድ ላይ ምኑ ይበላል? ምኑ ይጠጣል? ምኑስ ይቆይ? ጾም ሲገባስ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ከዚህ በታች ያለው የመልሶቹ ጭምቅ ነው። ክሩ (የጥያቄና መልሱ ሰንሰለት) ረዘመ፣ መሃል ላይም ጭቅጭቅ ገባበት፣ አዲስ የሚመጣ ሰው ፍሬ ነገሩን ማግኘት አቃተው። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ በራሴ አባባል ጽፌዋለሁ። ክሩን የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ መሃል መሃል አስተያየቴን ባስገባ አትቀየሙኝ።

መልስ 1

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ያለ ተማሪ ነው። ደስ የሚል ልጅ ነው፤ ከሰላምታው በኋላ ቀጥታ ወደ መጀመሪያው ሳምንት ገባ። ሽቦው ከገባ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጥርስ መጠዝጠዝ ይጀምራል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይጠናል፣ ሳምንት ገደማ ሲሆነው ይለቃል ይላል። በነዚያ ቀናት የኖረው በአጥሚት፣ በሽሮ ፍትፍትና በገንፎ ነው። የካፌው የጠዋት ዳቦ ደረቅ ስለሆነ ሻይ ውስጥ እየነከረ በልቶታል። በየቀጠሮው ሽቦው ሲጠብቅ ሕመሙ ለአንድ ሁለት ቀን ተመልሶ እንደሚመጣም አስጠንቅቋል። ጉንጬ ተልጦ ከሆነ ቀይ ወጡ ለጊዜው እንዲቆየኝ መከረኝ። ለብ ባለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥ እንደረዳውም ጨመረ።

መልስ 2

ብሬሷን ያስፈታች የአዘዞ ልጅ ናት። ሁለት ብራኬት (ሽቦውን የሚይዙት፣ በየጥርሱ ላይ የሚለጠፉት ትንንሽ ቁራጮች) የነቀለባት የሽምብራ ቆሎ ነው፤ ሁለቱም ከታችኛው ረድፍ። አፍ ሲዘጋ የላይኛው ጥርስ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እዚያ ላይ ስለሆነ የታችኛው ቶሎ ይነሳል ትላለች። ብራኬት ጥርስ ላይ የሚይዘው በማጣበቂያ ነው። ማጣበቂያው ደግሞ ሕክምናው ሲያልቅ ጥርሱን ሳይጎዳ መላቀቅ ስላለበት ሆን ተብሎ መጠነኛ ይደረጋል። ስለዚህ ጠንካራ ነገር ሲነከስ የሚሸነፈው እሱ ነው።

እሷን ያበሸቃት የማስለጠፊያው ብር አይደለም። ብራኬቱ የተነሳበት ጥርስ ተመልሶ እስኪለጠፍለት ድረስ ሥራው ይቆማል፤ ሌሎቹ ሲሄዱ እሱ ይቀራል። አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት የተባለው ጊዜ በቆሎ ሰበብ ይረዝማል።

የእሷ ዝርዝር ከክሊኒኩ ወረቀት ይልቅ ለእኔ ስለጠቀመኝ እዚህ አስገባሁት። ማንኛውም ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ፈንዲሻ (ያልፈነዳው ፍሬ ብራኬት ይነቅላል፣ ቅርፊቱ ድድ ስር ይገባል)፣ በጥርስ የሚጋጥ የበቆሎ እሸት፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ደረቅ ቋንጣ፣ አጥንት። በቆሎው በቢላ ከተፈለፈለ ይበላል። ቋንጣው ፍርፍር ውስጥ ገብቶ ከራሰ ይበላል። ድፎ ዳቦም መሃሉ ይበላል፤ ጠርዙ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ካሮትና ፖም በስሱ ተከትፎ በመንጋጋ እንጂ በፊት ጥርስ አይነከስም።

መልስ 3

የፒያሳ ሰው ነኝ ይላል። እሱ ጥርሱን እያስተካከለ ገብስ ቆሎ በየቀኑ ይበላል፣ አንድም ነገር ተነቅሎበት አያውቅም። ይህ ሁሉ ማስፈራሪያ ሰውን ክሊኒክ ለማመላለስ ነው ባይ ነው። አጭርና ቆጣ ያለ መልስ ነበር። ይህን ሰው አስታውሱት፣ በኋላ ይመለሳል።

መልስ 4

3ኛውን በትሕትና ጠየቀችው። ቆሎው እንዴት ያለ ነው? ምን ዓይነት ብሬስ ነው ያሰረው? እሱ ያን ጊዜ አልመለሰም። ዋናው ሐሳቧ ግን ሌላ ነው። ቆሎ ከማለት ንፍሮ ማለት። ስንዴውም ሽምብራውም ባቄላውም ተቀቅሎ ከለሰለሰ ለብሬስ ችግር የለውም፤ ሳህኑም አብሮ ይዞራል፣ ከሰው አትለዪም። ባቄላውን ብቻ ከነቅርፊቱ አትብዪ ብላኛለች። ለእኔ ከመልሶቹ ሁሉ በጣም የሠራልኝ ይህ ነው።

መልስ 5

ለልጃቸው ብሬስ ያሳሰሩ እናት ናቸው። የንፍሮውን ሐሳብ እሳቸውም ሞክረውታል። ችግሩ የመጣው ከጎረቤት ነው። ቡና ላይ የንፍሮ ሳህን ሲያዩ አንዲት እትዬ ደንግጠው ማን ሞተ ብለው ጠየቁ። ንፍሮ እኛ ዘንድ የለቅሶ ቤት ምግብ መሆኑን ልጆቹ ረስተውታል እንጂ ትልልቆቹ አልረሱም። አሁን እናቲቱ ንፍሮውን ከቆሎው ጋር በሁለት ሳህን ያቀርባሉ፤ ቆሎ ካለ ለቅሶ አይመስልም ብለዋል። ከዚህ በኋላ አራት አምስት ሰው ሳቅ ብቻ ልኳል፤ እነሱን አልቆጠርኳቸውም።

መልስ 6

የክሩ ትልቁ መልስ ይህ ነው። ጸሐፊው የጥርስ ሕክምና ላይ የሚሠራ ሰው ነው፤ የት እንደሚሠራ አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ሁላችንም ሁለት ነገር እያቀላቀልን እንደሆነ ነግሮናል። ብራኬት የሚነቅለው ምግብ አንድ ነው፣ ጥርስ የሚያበላሸው ምግብ ሌላ ነው። ሰው የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው፣ ምክንያቱም ቀጭ ሲል ይሰማል። የተነቀለ ብራኬት ግን ተመልሶ ይለጠፋል። ጥርሱ ከተበላሸ የሚለጠፍ ነገር የለም። ያን የሚያደርገው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለስላሳ የሚባለው፣ ማንም የማይጠረጥረው ነገር ነው፤ ጣፋጭ ሻይ፣ ሚሪንዳ፣ ብስኩት፣ ማር የገባበት በሶ።

አሠራሩን እንዲህ አስረድቷል። ብራኬቱና ሽቦው ዙሪያ የምግብ ትራፊና ስስ የባክቴሪያ ንጣፍ ይከማቻል። ባክቴሪያው ስኳር ሲያገኝ አሲድ ያመርታል። የአፍ ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፤ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ የጥርሱ የላይኛው ሽፋን ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። ምራቅ ነገሩን መልሶ ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አንድ ጠርሙስ ኮካ ከምሳ ጋር ተጠጥቶ ቢያልቅ ጥርስ የሚመታው አንዴ ነው። ያው ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከሰዓቱን ሙሉ በየተራ ሲጎነጩት ግን ምራቁ ዕረፍት አያገኝም። ከመጠኑ ይበልጥ ድግግሞሹ ነው የሚጎዳው። ኮካው ራሱም ፒኤቹ 2.5 ገደማ ስለሆነ ባክቴሪያ ሳያስፈልገው አሲድ ነው፤ ስኳር የለውም የሚባለውም ከዚህ አያመልጥም።

ውጤቱ የሚታየው ብሬስ ሲፈታ ነው። ግድግዳ ላይ የቆየ ስዕል ሲነሳ ቦታው እንደሚለይ ሁሉ፣ ብራኬቱ የነበረበት ቦታ ደህና ሆኖ ዙሪያው ኖራ የመሰለ ነጭ ጠርዝ ይዞ ይቀራል። ጥርሱ ተስተካክሎ ቀለሙ ተበላሸ ማለት ነው። ይህ ነጭ ምልክት ጽዳት ከጎደለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊጀምር ይችላል።

ምክሩ አጭር ነው። ጣፋጩን ከምግብ ጋር ጨርሱት። ከዚያ በኋላ ውሃ ጠጡ። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ቢያንስ ጠዋትና ማታ፣ ከተቻለም ከምግብ በኋላ፣ ከብራኬቱ በላይም በታችም ቦርሹ። ኮምጣጣ ወይም ጋዝ ያለው ነገር ከጠጣችሁ ግን ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ቦርሹ፤ ወዲያው ከቦረሻችሁ የለሰለሰውን ሽፋን ነው የምትፍቁት።

መልስ 7 እና 8

7ኛዋ ለ6ኛው የጥያቄ መዓት አወረደችበት። ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳርስ? ማኪያቶስ? ስፕሪስስ? አምቦ ውሃስ? ቡናስ ከነበረካው?

8ኛው ራሱ 6ኛው ነው፣ በትዕግሥት መለሰላት። ቡና ያለ ስኳር ችግሩ ቀለም ብቻ ነው። በስኳር ከሆነ ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት ሦስት ጊዜ ስኳር ነው፣ ያውም ረጅም ሰዓት ላይ ተዘርግቶ። ስኳሩን መቀነስ ያቃተው በመሃሉ ውሃ ይጎንጭ። አምቦ ውሃ ስኳር የለውም፣ አሲዱም ከለስላሳ መጠጦች በጣም ያነሰ ነው፤ ከምግብ ጋር ቢጠጣ አያስጨንቅም። ስፕሪስ ላይ ትንሽ ቆጣ አለ። አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው ለብሬስ የሚመች ምግብ ነው፤ ጁስ ቤቱ ግን ስኳር ጨምሮበት ከላይ ቪምቶ ያፈስበታል። ቪምቶውንም ስኳሩንም ተዉልኝ ማለት ይቻላል፣ ያስከፍላል እንዴ?

እኔ ፒያሳ ላይ ሞክሬዋለሁ። አስተናጋጁ ስኳር በሽታ አለብሽ ወይ ብሎ አዘነልኝ።

መልስ 9

ዳሽን ቢራ እዚሁ ከተማችን እየተጠመቀ እንዴት ዝም ትላላችሁ ብሎ የቀለደ ሰው ነው። ቀልዱ ውስጥ ግን ቁም ነገር ነበረው። የእሱ ሐኪም ቢራውንም ጋዝ ካላቸው መጠጦች ጋር ነው የቆጠረበት። ጠጅ ማር ስለሆነ የባሰ ነው። ጠላ ጋዙም ስኳሩም ያን ያህል አይደለም፣ ግን ጌሾው ብራኬት ላይ ይሰካል፤ ሠርግ ላይ ፎቶ ከመነሳት በፊት መስታወት ማየት ያስፈልጋል።

መልስ 10

ግልጽ ላስቲክ የመረጠች ሙሽራ ሚዜ ናት። በብራኬቶቹ ላይ የሚታሰሩትን ትንንሽ ላስቲኮች ማለቷ ነው። እንዳይታዩ ብላ ቀለም የሌላቸውን አስደረገች። ከሠርጉ ሁለት ቀን በፊት ክክ አልጫ በላች፤ እርዱ ሁሉንም ቢጫ አደረጋቸው። ለሚያስሩ ሁሉ የምትለው፣ ወጥ የሚበላ ሰው ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ላስቲክ ይምረጥ። ደግነቱ ላስቲክ በየቀጠሮው ይቀየራል፣ ጥርሱን ራሱን አልነካውም። በርበሬም እንደዚሁ ብርቱካንማ ያደርጋል ብላለች።

መልስ 11

ጉርሻ። የእኔን የአክስቴን ነገር አንስቶ ረጅም ታሪክ ጻፈ። የአማቱ ቤት፣ ዶሮ ወጥ፣ የአማቱ እናት እጅ። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው የሚለውን አባባል ቃል በቃል የሚያምኑ ሴት ናቸው። ጉርሻው አፉን ሞልቶት ሽቦው ጉንጩን ወጋው፤ እምባው መጣ። እሳቸው ደስታ መሰላቸውና ደገሙት።

የእሱ መላ እንዲህ ነው። ጉርሻ ሲመጣ አንገት ደፋ አድርጎ በሁለት እጅ መቀበልና ራስ መጉረስ። ነውር አይደለም፣ አክብሮት ይመስላል። ከዚያ እንጀራውን ለሁለት ከፍሎ በመንጋጋ ማኘክ። እንጀራ በእጅ ቆርሶ የሚበላ መሆኑ ለብሬስ ጥሩ ነው፤ ትልቅ ነገር በፊት ጥርስ መግመጥ የለብንም። የዶሮውን ሥጋ በእጅ ከአጥንቱ መለየት ነው። ክትፎ ያለ ሐሳብ ይበላል። ቁርጥ የሚወድ በቢላ አሳንሶ ይቁረጥ፣ በጥርስ እየጎተተ አይበጥስ። የጎመን ጅማት ሽቦ ላይ ይጠመጠማልና ጎመኑ ደቆ ይከተፍ። የጎርጎራ ዓሣ የሚወድም አጥንቱን በጣቱ ለቅሞ ይብላ።

መልስ 12

እዚህ ላይ ነው ክሩ የከረረው። ጸሐፊው ብሬስ የዘመኑ ፋሽን ነው፣ ፈጣሪ የሰጠውን ጥርስ በሽቦ መጎተት ትዕቢት ነው አለ። አባቶቻችን በዚያው ጥርስ ቆሎ ቆርጥመው ኖረዋል፤ አዝማሪው ሁሉ የሚያወድሰውን ፍንጭት ብር ከፍሎ የሚደፍን ትውልድ መጣ ብሎ ደመደመ።

መልስ 13

ሳይውል ሳያድር መልስ መጣለት፣ ያውም የተሳለ። ጸሐፊዋ የፊት ጥርሶቿ አይገናኙም ነበር። አፏን ስትዘጋ መሃሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ እንጀራ እንኳ በፊት ጥርሷ መቁረጥ አትችልም ነበር። እሱ ትዕቢት የሚለው ለእሷ ምሳ መብላት ነው። ጥርሱ ተደራርቦ ማጽዳት ያልቻለ፣ ሲነክስ የላይኛውን ድዱን የሚወጋም አለ። የማያውቁትን ከመፍረድ ዝም ማለት ይሻላል ብላ ዘጋችው። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ፤ 12ኛው ግን ስለ ፍንጭቱ ያነሳው ነገር ብቻውን ሲታይ እውነት አለው።

መልስ 14

ያን እውነት ያነሳው 14ኛው ነው። እህቱ ፍንጭቷን በብሬስ ዘጋችው፤ እናቱ አዝነው ሰነበቱ፣ የእሳቸው እናት ፍንጭት ነበርና። ለእህቱ ያልተነገራት ነገር፣ ሌላውን ጥርስ አስተካክሎ ፍንጭቱን መተው እንደሚቻል ነው። መጀመሪያውኑ ለሐኪሙ መናገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ከዚህ ተነስቶ ወሬው ወደ ድድ ንቅሳት ሄደ። ጥርሷ ነጥቶ እንዲታይ ድዷን የተነቀሰች አያት ያለው ሁሉ ጻፈ፤ ከብሬስ ጋር ስለማይገናኝ አልፌዋለሁ። አንድ ከስምጥ ሸለቆ መጥቶ ጎንደር የሚሠራ ሰውም ጥርሱ ቡናማ እንደሆነ ገልጾ ብሬስ ያነጣልኛል ወይ ብሎ ጠየቀ። 6ኛው ብቅ ብሎ መለሰለት። የእሱ ቀለም የመጣው በልጅነቱ ከጠጣው ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ ከዚያ ያልፋል። ብሬስ ቦታ ያስተካክላል እንጂ ቀለም አይነካም።

መልስ 15

ወደ ጥያቄዬ የመለሰችን የጾሙ መልስ ናት። ሁዳዴን 55 ቀን ከብሬስ ጋር ጾማለች። ለጥርስ ጾም ክፉ አይደለም ትላለች፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ሲውል የሚነካካው ነገር የለም። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ድንች፣ ሱፍ ፍትፍት፣ የተልባ ፍትፍት፣ ሁሉም ለስላሳ ነው። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቂ አለችኝ። ሙሉ ቀን ውሃ ሳይጠጣ አፍ ይደርቃል፣ ምራቅም ይቀንሳል፤ ጾም የተፈታው በለስላሳ መጠጥና በብስኩት ከሆነ ያ ሁሉ ጥቅም ገደል ገባ። በሶም በኳስ ከሚበላ ቀጠን ብሎ ተበጥብጦ ቢጠጣ ይሻላል፤ ኳሱ ሽቦ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይቀራል።

መልስ 16

ዲያቆን ነው መሰለኝ። 15ኛዋ ያላነሳችውን አነሳ። የሚቆርብ ሰው ከቁርባን በፊት ውሃ በአፉ አይዞርም፤ ከቆረበም በኋላ በዚያ ቀን አይተፋም። እንዴት ይቦርሻል? የእሱ መልስ ዋዜማውን ነው። ማታ ሰዓቱ ሳይገባ ለስለስ ያለ ነገር ብቻ በልቶ፣ በደንብ ቦርሾ፣ በብራኬቱ መሃል በምትገባዋ ትንሽ ብሩሽ እያንዳንዱን አጽድቶ መተኛት። ማታ የጸዳ አፍ ምንም ካልበላበት ጠዋት የሚያሠጋ ነገር የለውም። ብራኬት ተላቆ አፉ ውስጥ የሚንቀሳቀስበት ሰው ካለ ግን አስቀድሞ ለንስሐ አባቱ ይንገር ብሏል። በጣም ጠቃሚ መልስ ነበር፤ ክሊኒክ ውስጥ ማንም የማይነግርሽ ነገር ነው።

መልስ 17

የአዲስ ዓለም ልጅ ረመዳንን ጨመረ። ተምር ያጣብቃል፣ ፍሬውም ሳያስቡት ብራኬት ይነቅላል። እሱ ፍሬውን አውጥቶ ለአራት ከትፎ ይበላዋል፣ ከዚያ ውሃ። ሳምቡሳው ጫፉ እንደ ብስኩት ስለሚደርቅ መሃሉን ብቻ። ከሱሁር (ሊነጋ ሲል ከሚበላው ምግብ) በኋላ ሳይቦርሹ መተኛት ትልቁ ጥፋት እንደሆነ ከሐኪሙ ሰምቷል።

መልስ 18

3ኛው ሰው ተመለሰ! 4ኛዋ ደጋግማ ስለጠየቀችው በመጨረሻ ምን እንዳደረገ ተናገረ። ያሰረው ሽቦ አይደለም። ግልጽ የሆነው፣ ከጥርስ ላይ የሚወልቀው ፕላስቲክ ነው። ቆሎ ሲበላ አውልቆ ኪሱ ይከተዋል።

መልስ 19

የ2ኛዋን ንዴት መገመት ትችላላችሁ። ብራኬት የሌለው ሰው ብራኬት አልተነቀለብኝም እያለ ስንቱን ሊያሳስት እንደነበር በጠንካራ ቃል ጻፈችለት። እኔ ቃሉን አለስልሼዋለሁ። 6ኛው ደግሞ ለ18ኛው ሌላ ነገር ነገረው። ያ ፕላስቲክ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መዋል አለበት። አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪያልቅ፣ ያውም በቀን ሦስቴ፣ ኪስ ውስጥ ከዋለ ጥርሱ መች ይሄዳል? አድርጎት ደግሞ ከውሃ በቀር መጠጣት አይገባም፤ ትኩስ ነገር ቅርጹን ያበላሸዋል፣ ስኳርም ከስሩ ታፍኖ ይቀራል። 18ኛው ከዚህ በኋላ አልታየም።

መልስ 20 እና 21

መፋቂያ ይበቃኛል፣ ብሩሽ የፈረንጅ ነው የሚል መጣ። የወይራ መፋቂያ ከአራዳ ገበያ ገዝቶ በየጠዋቱ ይፍቃል። 21ኛዋ በጥሩ ቃል አረመችው። መፋቂያ ለፊት ለፊቱ ጥሩ ነው፣ አያቶቻችንም በእሱ ኖረዋል፤ ብሬስ ሲኖር ግን የእንጨቱ ጫፍ ከሽቦው ስር አይገባም፣ ገፋ ሲያደርጉትም ብራኬቱን ይጎትታል። በመፋቂያው ላይ ብሩሹን ጨምር እንጂ አንዱን ጥለህ አንዱን ያዝ አላልኩህም ብላዋለች። እሱም ተስማማ፣ ግን እያጉረመረመ።

መልስ 22

የሽቦው ጫፍ ኋላ ላይ ወጥቶ ጉንጯን የሚወጋት ልጅ፣ አንድ ዘመዷ በፒንሳ ልቁረጥልሽ እንዳላት ጻፈች። 6ኛው እዚህ ላይ ነው የምር የተቆጣው። በቤት መሣሪያ ሽቦ መቁረጥ ብራኬት ከመንቀሉም በላይ የተቆረጠው ቁራጭ ጉሮሮ ሊገባ ይችላል። ክሊኒኩ የሚሰጠው ሰም አለ፤ ቦታውን አድርቆ ትንሽ አንከባሎ መለጠፍና ቀጠሮ ማስቀደም ነው። የተላቀቀ ብራኬት ሽቦው ላይ ካለ አይጎተትም። ከወጣ ደግሞ አይጣልም፣ ይዞ መሄድ ነው። የዋጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሆዱ አልፎ ይወጣለታል፤ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል።

መልስ 23 እና 24

23ኛው ብሬሱ ሊፈታለት ቀን ተቆርጦለታል። በዚያው ቀን እናቱ አንድ ሰፌድ ቆሎ ልትቆላለት ቃል ገብታለታለች። 24ኛዋ የአዘዞዋ ልጅ ናት፤ እንኳን ደስ አለህ ካለች በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰችበት። ከብሬስ በኋላ ጥርሱ ወደ ቦታው እንዳይመለስ የሚደረግ ሪቴይነር አለ። የሚወልቅ ከሆነ ለመብላት ይወልቃል፣ ቆሎውም ይበላል። ከውስጥ በኩል የተለጠፈ ቀጭን ሽቦ ከሆነ ግን የፊት ጥርስ አሁንም ይጠንቀቅ። የሚወልቀው በፈላ ውሃ አይታጠብም፣ ይጣመማል። ምግብ ቤት ሲገባም ከሳጥኑ ውጭ በሶፍት ተጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። የእሷን አስተናጋጁ ከአጥንቱ ጋር ጠርጎ ወስዶታል፤ እንደገና ልኬት ተወስዶ ሌላ ተሠርቶላታል።

ስለ ዋጋና የት ይሻላል የጠየቃችሁ ብዙ ናችሁ፤ እሱን ለብቻው ሌላ ክር ክፈቱለት።